የፎቁ መጋረጃ

የደመና ጥላ ግቢው ላይ ሲያልፍ ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። ቀና ያሉት ግን ወደ ሰማይ አልነበረም፤ ወደ ፎቁ መስኮት ነበር።

መስኮቱ ላይ ሙርቲ ቆማለች። የቢጫውን መጋረጃ ጠርዝ በጣቶቿ ይዛ፣ ጥላው በደቡብ በኩል ገብቶ በቀርከሃ ትሪዎቹ ላይ እየተንሸራተተ እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ጥላው አለፈ። ፀሐይዋ ተመለሰች። መጋረጃው አልተነቃነቀም፤ ከታች ያሉት ሴቶችም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ወሬያቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚህ የክሩፑክ ፋብሪካ ውስጥ ትእዛዝ ማለት ይህ ነበር። መጋረጃው ክፍት ከሆነ ስጡ ግቢ ውስጥ ይቆያል፤ ከተዘጋ ሰው ሁሉ ትሪውን እያነሳ ወደ መጠለያው ይሮጣል። ክሩፑክ ማለት በዘይት የሚጠበስ ስስ ቂጣ ነው፦ የካሳቫ ዱቄትና የተፈጨ ሽሪምፕ አብሮ ታሽቶ፣ እንደ ክንድ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል፤ አድሮ ሲጠጥር በስሱ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የፀሐይ ነው። በደንብ የደረቀ ክሩፑክ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያብባል። ዝናብ የነካው ይሻግታል፤ ባይሻግት እንኳ ዘይቱ ውስጥ እንደ ጫማ ሶል ድርቅ ብሎ ይቀራል። በዚህ በኢንድራማዩ አውራጃ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ሚሚ፣ ለሠርግ ለብሰው አሁንም መስኮት ላይ ነዎት?»

ልጇ ወኒንግ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እናቷን የምትጠራት እንደ አገሩ ልማድ «ሚሚ»፣ እማዬ፣ እያለች ነው። ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ሰክታበታለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው።

«ደመናውን አየሽው?» አለች ሙርቲ ሳትዞር።

«አየሁት። ሄደ።»

«ወንድሞቹን ሊጠራ ነው የሄደው።»

ወኒንግ ሳቀች። መጥታ ከእናቷ ጎን ቆመችና የእናቷን እጅ ከመጋረጃው ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። ጨርቁ ሁልጊዜ በሚያዝበት ቦታ ነጣ ብሏል፤ የጣት ቅርጽ ሊወጣለት ምንም አልቀረውም።

«ቃል ገብተዋል» አለች። «ዛሬ መጋረጃው ክፍት ሆኖ ይውላል። የሚያስገቡትም የሚተዉትም ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። አይደውሉም። ሰው አይልኩም። ሠርጉን ጨርሰው፣ በልተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ነው የሚመለሱት።»

«ቃል የገባሁት ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ነው።»

«ስለዚህ ነዋ ያን ቀን የጠየቅኩዎት።»

ሙርቲ ቁልቁል ግቢውን አየች። ግቢው ከዳር እስከ ዳር በትሪ ተሸፍኗል፤ እንዲህ ሞልቶ አይታው አታውቅም። ትእዛዙን የተቀበለችው ወኒንግ ናት፦ ጃካርታ ውስጥ ብዙ ሱቆች ያሉት አንድ ነጋዴ፣ በሳምንቱ መጨረሻ መኪና ሙሉ ደረቅ ክሩፑክ ከደረሰለት ከእንግዲህ ከእነሱ ብቻ ሊገዛ ተስማምቷል። ካልደረሰለት ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን ያህል ስጥ ደግሞ መጠለያው አይችለውም፤ ዝናብ ቢመጣ ሁሉንም በአንድ ሩጫ ማስገባት የማይታሰብ ነው። ሙርቲ ይህን ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራ ነበር። መኪናው ሲገለበጥ፣ ነጋዴው ሲከስር፣ ሱቆቹ ሲቃጠሉ ሁሉ አየች። እንቅልፍ የወሰዳት የሱቆቹን እሳት አጥፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ከትእዛዙ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ባንዱንግ ያለው፣ ቀድሞ ትሠራበት የነበረው የብስኩት ፋብሪካ ወኒንግን ተመለሺ ብሏታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልሷን ይጠብቃል። ወኒንግ ይህን የነገረቻት ለማስፈራራት አልነበረም። ምሳ እየበሉ፣ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረቻት። ከዚያ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ሙርቲ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዋ ያላወጣችውን ነገር ተናገረች።

«ሚሚ፣ እኛ እኮ ክሩፑክ አናደርቅም። ክሩፑክ እናስገባለን።»

*

የሠርጉ ቤት ሩቅ አልነበረም። የመንደሩ ሹም ልጁን ይድራል፤ የእሱን ግቢ የኋላ አጥር ከፋብሪካው የሚለየው አንድ የሩዝ ማሳና አንድ መስኖ ነው። እንዲህ ያለ ሠርግ ላይ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ምክንያቱ ለልጅ ልጆቹ ሲነገር ይኖራል። ሙርቲ የወጉን ሩዝ በሳህን ይዛ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ በማሳው ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ሄደች። በየጥቂት እርምጃው ቀና ብላ ወደ ደቡብ ታያለች። የቺረማይ ተራራ ጫፍ አይታይም ነበር፤ ነጭ ነገር ተከናንቧል።

ስትሄድ ያሰበችው ስለ ዝናቡ አልነበረም። ዝናቡማ የታወቀ ነው። ያሰበችው ልጇ ስለተናገረችው ነገር ነው።

ባሏ የሞተ ሰሞን፣ በሰባተኛው ቀን ጸሎት፣ ሰው ሁሉ ማድ ቤት ውስጥ ሩዝ ሲያበስልና እንግዳ ሲያስተናግድ ነበር። ሰማዩን የሚያይ ሰው አልነበረም። ዝናቡ እንደ ሌባ ገብቶ ግቢ የነበረውን ሁሉ መልሶ ሊጥ አደረገው። እሷ ያን ቀን ያለቀሰችው ለባሏ ይሁን ለክሩፑኩ እስከ ዛሬ አታውቅም። በማግስቱ ወንበር ወደ ፎቁ አስወጣች። መጋረጃ ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ትሪ ረጥቦ አያውቅም፤ በዚህም ትኮራለች።

ፋብሪካው ግን ቀስ በቀስ የዚያን መስኮት መልክ ያዘ። መጠለያው በየዓመቱ ሲሰፋ ግቢው በየዓመቱ ጠበበ። የትእዛዝ ልክ የሚወሰነው ገበያው በሚፈልገው ሳይሆን በአንድ ሩጫ ሊገባ በሚችለው ሆነ። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር የምትፈተነው በመቁረጥ ወይም በማቡካት አይደለም፤ ትሪ ይሰጣትና ሩጪ ትባላለች። ሳትደፋ መጠለያው የደረሰች ትቀጠራለች። በዚህ የተነሳ በመንደሩ የነጻነት በዓል ላይ በሚደረገው የሴቶች ሩጫ ሽልማቱን ሁልጊዜ የሚወስዱት የሙርቲ ሠራተኞች ናቸው፤ ሕዝቡ ሲስቅ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ሰው መጥቶ የማድረቂያ ምድጃ ሊሸጥላት ሲል መብራት ቢጠፋስ ብላ መለሰችው። ሱራባያ ያለ ነጋዴ ብዙ እገዛለሁ ሲላት፣ የጭነት መኪናው በዓለም ላይ ያለ መኪና ሁሉ በሚገለበጥበት መንገድ ቢገለበጥ ማን እንደሚከፍል ጠየቀችው፤ ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ይህ ሁሉ እስከ አሁን ጥንቃቄ ይመስላት ነበር። እናት ልጇን መንገድ ስታሻግር እጇን ትይዛለች፤ ማን ክፉ ይላታል? ግን ልጅቷ አድጋ፣ ትልቅ ሴት ሆና፣ አሁንም እጇን ይዞ መንገድ ዳር የሚያቆማት ካለ… ሙርቲ ሐሳቡን እዚያ ላይ ተወችው። የሙዚቃው ድምፅ እየቀረበ ነበር።

*

ሙሽሮቹ በወርቃማው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራይቱ በራሷ ላይ በተሰካው ጌጥ ክብደት አንገቷን ማዞር አልቻለችም፤ ዓይኖቿ ብቻ ይሯሯጣሉ። ሙርቲ ሩዟን ለሴቶቹ አስረከበች፣ የሹሙን ሚስት ጉንጭ ለጉንጭ ሳመች፣ በጣም ጥሩ የሆነ ወንበር ተሰጣት። ወንበሩ ግን ዳስ ውስጥ ነው። ዳሱ ደግሞ ጣሪያ አለው። ሰማይ አይታይም።

ትንሽ ተቀምጣ፣ ሽንት ቤት እንደሚፈልግ ሰው በቀስታ ተነሳች፤ በማድ ቤቱ ጀርባ ዞረች። እዚያ የፈራችውን አገኘች።

የዘንባባ መጥረጊያ ተገልብጦ መሬት ላይ ተተክሏል። በቀጫጭን እንጨቶቹ ጫፍ ላይ ቀይ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ተሰክቷል። ከአጠገቡ አሮጌ ምንጣፍ ላይ ፓክ ካስዳ ተቀምጠው የቅርንፉድ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። አገሩ ሁሉ «ፓክ»፣ አባባ፣ የሚላቸው ዝናብ ከልካይ ናቸው። ሙርቲም በየዓመቱ የዝናቡ ወር ሲገባ ትቀጥራቸዋለች። ዛሬም ፈልጋቸው ነበር፤ ሹሙ ቀደማት።

«ቡ ሙርቲ! ኧረ ደህና መጡ። ብቻ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከንጋት ጀምሮ ገላዬን አልታጠብኩም። ሥራው አይፈቅድም።»

«ፓክ ካስዳ» አለች ሙርቲ፣ «ቡ»፣ እመቤት፣ ተብላ የቀረበላትን ሰላምታ ዘልላ፣ «ዝናቡን ዛሬ ወዴት ነው የሚሰዱት?»

«ወደ ባሕር ነዋ። እንደ ወትሮው።»

«ከዚህ ወደ ባሕር ሲሄድ በማን ግቢ ላይ ነው የሚያልፈው?»

ሽማግሌው ሲጋራቸውን ከአፋቸው አውጥተው ወደ ሰሜን ተመለከቱ። መስኖውን፣ ማሳውን፣ የፋብሪካውን ቆርቆሮ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በእርስዎ» አሉ።

«በእኔ!»

«ቶሎ ነው የሚያልፈው።»

«ዝናብ ባቡር ነው እንዴ፣ ቶሎ የሚያልፈው?»

«እንግዲህ የከፈለኝ ሹሙ ነው፣ ቡ። እርስዎ ቢቀድሙ ኖሮ ሙሽሪት ነበረች የምትበሰብሰው።» ይህን ሲሉ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነው። ወዲያው ፊታቸው ረጋ አለና በእጃቸው ወደ ምንጣፉ ጠርዝ አመለከቱ። «ይቀመጡ እስቲ። አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቆጡኝም?»

ሙርቲ ተቀመጠች። ደግሞ ምን ሊመጣ ነው አለች በሆድዋ።

«ስንት ጊዜ ቀጠሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ቤቴን ያቆምኩት በእርስዎ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ በእርስዎ ግቢ ሥራዬን እችል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«መጥረጊያዬን እተክላለሁ። ደመና ይመጣል። ልቤን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ልናገረው ስል፣ መጋረጃዎ ግጥም! ሰው ሁሉ ትሪ ተሸክሞ ይሮጣል። ከዚያ ከዘነበ፣ ቡ ሙርቲ አወቀች ይባላል። ካልዘነበ እንኳን ገባልን ይባልና ይረሳል። ዝናቡ በእኔ ይቅር፣ በራሱ ይቅር፣ ጨርሶ ያልመጣ ይሁን፣ ማን ያጣራል? ሜዳው ባዶ ነው። ባዶ ሜዳ ደግሞ ምንም አይመሰክርም።»

ሙርቲ ወደ ፋብሪካዋ ቆርቆሮ ዞረች። ስንቱ ደመና ነበር በእውነት የዘነበው? መጋረጃውን ዘግታ ቆይቶ የዘነበበትን ቀን ሁሉ ታስታውሳለች፤ የቆርቆሮው ጩኸት፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ «ቡ ሙርቲ ዓይን አላት» የሚለው ሙገሳ። ያልዘነበበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። አንድም አልመጣላትም። አልነበረም ማለት ነው? ወይስ ማንም፣ እሷም ጭምር፣ አልቆጠረውም? ጎረቤቶቿ ክሩፑካቸውን በሦስት ቀን እያደረቁ እሷ ሳምንት የሚፈጅባት የግቢዋ ፀሐይ ሰንፋ ይመስላት ነበር።

«ተቆጡ እንዴ?» አሉ ፓክ ካስዳ።

«አልተቆጣሁም። ታዲያ የሌላው ቤት ላይስ? እዚያ ያውቃሉ?»

«እዚያማ አውቃለሁ። ግማሽ ግማሽ ነው።» ሲጋራቸውን ሳብ አደረጉ። «ግማሽ ለሽማግሌ መጥፎ አይደለም።»

በዚህ ጊዜ ነፋሱ መጣ። መጥረጊያው ላይ ያሉት ቃሪያዎች ተንቀጠቀጡ፤ ከዳሱ በኩል የወረቀት ኩባያ እየተንከባለለ በእግራቸው ሥር አለፈ። ሁለቱም ወደ ደቡብ ዞሩ። ነጩ ነገር ነጭ መሆኑ ቀርቷል። የጠዋቱ ደመና ወንድሞቹን ጠርቶ መጥቷል።

«በሉ እንግዲህ ዝም በሉኝ» አሉ ፓክ ካስዳ እግራቸውን አጣጥፈው እየተስተካከሉ። «ሥራ መጣ።»

*

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አወጣችው። የወኒንግን ስም አየችው። መለሰችው። እንደገና አወጣችው። ዳሱ ውስጥ ዘፋኟ አዲስ ዘፈን ጀምራለች፣ ልጆች ወንበር ለወንበር ይሯሯጣሉ፣ አንዲት አክስት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ሳህኗ ላይ አስቀምጣላት ሄዳለች። ሙርቲ ዓሣውን አየችው። ዓሣውም አያት።

ደውላ «አስገቡ» ብትል ምን ይሆናል? ከቻሉት ግማሹን ያስገባሉ። ወኒንግ ትበሳጫለች፤ ብትበሳጭም ዝም ትላለች። በወሩ መጨረሻ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፣ በጥሩ ፊት፣ ሳትቆጣ። ባትደውልስ? ምናልባት ሁሉም ይበሰብሳል፤ ነጋዴው ይሄዳል፤ ልጅቷም በሐፍረት ትሄዳለች። ሙርቲ በየትኛውም መንገድ ብትሄድ መጨረሻው ላይ ሻንጣ አየች። እንዲህ ሁለቱም መንገድ ክፉ በሆነ ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደረቷ ውስጥ የነበረው ነገር ትንሽ ላላ። ለካ ፍርሃትም እኩል ሲሆን ጸጥ ይላል።

ስልኩን መለሰች። ሙሽሮቹ ወዳሉበት ወጣች፤ ሙሽራይቱን ግንባሯን ነክታ መረቀቻት። ምርቃቷን ስታሳጥር የሹሙ ሚስት ደረሰች።

«ሳይበሉ? ቡ ሙርቲ፣ ሳይበሉ ሊሄዱብኝ?»

«ስጥ አለብኝ፣ ቡ። ሰማዩን አዩት?»

«ምን ሰማይ አለ፣ ፓክ ካስዳ አሉ አይደል! ወደ ባሕር ነው የሚሄደው!»

«አውቃለሁ» አለች ሙርቲ። «መንገዱን አውቀዋለሁ።»

የሹሙ ሚስት እየሳቀች የሠርጉን ምግብ በካርቶን አሲዛት።

በማሳው ዳር ስትመለስ ነፋሱ ቀሚሷን እየጎተተ ነበር። ካርቶኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ፈጠነች፤ ከዚያ ሮጠች። እንደ ሠራተኞቿ ሳትደፋ ሮጠች። በዚህ አያያዝዋ ብትፈተን ኖሮ ራሷ በፋብሪካዋ ትቀጠር ነበር።

*

የኋላው በር ጋ ደርሳ፣ እጇን መዝጊያው ላይ እንዳደረገች ጩኸቱን ሰማችና ቆመች።

«መጋረጃው ክፍት ቢሆንም እናስገባ እያልኩሽ!» ሴቶቹ «ዩ»፣ እህትዬ፣ የሚሏት የቻርሲናህ ድምፅ ነው። ከሠራተኞቹ ሁሉ ቀድማ የተቀጠረች ናት፤ በሙርቲ ባል ጊዜ የገባች፣ ጥንቁቅና ነጭናጫ።

«መጋረጃው ሠርግ ሄዷል፣ አንቺ ሴትዮ!» ይህቺ ደግሞ ዩ ዳስወን ናት፣ ሩጫውን ሁልጊዜ የምታሸንፈው። «ዓሣ እየበላ ነው አሁን! ቀና በይና ሰማዩን እዪ!»

«አየሁት እኮ! ጥቁር ነው! እናስገባ!»

«ጥቁርነቱ ተራራው ላይ ነው። ይሄ ነፋስ ለስጥ የተገኘ ነው፣ ልብሴን ሳሰጣ የማውቀው ነፋስ ነው፤ ንኪው እስቲ፣ ንኪው፣ ጠዋት እንደ ምላስ የነበረው አሁን ይንኳኳል!»

«ልብስ ቢርስ እንደገና ይሰጣል። ይሄ ቢርስ ማን ሊበላው ነው? አንቺ ትበዪዋለሽ?»

ሙርቲ በበሩ ቀዳዳ አየች። ሴቶቹ ሁሉ በትሪዎቹ መካከል ቆመዋል። ወኒንግ መሐላቸው ናት። የአውራ ጣቷን ጥፍር ትነክሳለች፣ ልጅ ሳለች ፈተና ሲደርስ እንደምታደርገው። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቀና ብለዋል። ሙርቲ ዓይናቸውን ተከትላ ወደ መስኮቷ ተመለከተች፤ መጋረጃው ክፍት ነበር፣ ነፋስ እያርገበገበው። ግን ማንም ወደዚያ አላየም። የሚያዩት ሰማዩን ነበር። ይህን ያህል ዘመን ስትኖር የእነዚህን ሴቶች አገጭ ከሥር አይታው አታውቅም።

«ኖክ ወኒንግ፣ ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለች ዩ ቻርሲናህ።

«እኔ እኮ አላውቅም፣ ዩ» አለች ወኒንግ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እውነቴን ነው። ከእናንተ የተሻለ አላውቅም።»

ዩ ቻርሲናህ አንድ ነገር አጉተመተመችና ጎንበስ ብላ የራሷን ረድፍ የመጀመሪያ ትሪ አነሳች። «የእኔን አስገባለሁ። ያንቺን ዝናብ ይቀቅለው።»

«አስገቢ! ደግሞ ነገ ሳይደርቅ ሲቀር እኔ ጋ እንዳትመጪ!»

የሚያስገባው ማስገባት ጀመረ፣ የሚተወው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። አንዳንዷ አንስታ መልሳ አስቀመጠች፤ አንዷ ለስላሳውን አስገብታ የጠጠረውን ተወች፤ ሌላዋ እህቷን አማክራ እህቷን ሳትሰማ ወሰነች። ትንሽ ቆይቶ ግቢው ግማሹ ባዶ ግማሹ ሙሉ ሆነ፤ ቅርጽ የለውም፣ እንደ ተቀደደ ልብስ ነው። ለገባው ስጥ መጠለያው በቃ፤ ማንም አልተጋፋም፣ ማንም አልሮጠም። መጋረጃው ግን ይህን ሊናገር የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። መጋረጃ የሚያውቀው መከፈትና መዘጋት ብቻ ነው።

ዛሬ ቢዘንብ የዩ ዳስወን ስጥ ይጠፋል፤ ትእዛዙም ይጎድላል። ባይዘንብ የዩ ቻርሲናህ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ትእዛዙ ያኔም ሊጎድል ይችላል። ሙርቲ ክፉውን ሁሉ እንደ ልማዷ ደረደረችው። ግን ከድርድሩ ጫፍ ላይ ያልለመደችው ነገር ቆሞ አገኘች፦ ነገ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ የታወቀ ነገር ይኖራል። በየትኛውም በኩል ቢሆን ሜዳው ይመሰክራል።

በሩን ገፍታ ገባች።

መጀመሪያ ያየቻት ዩ ዳስወን ናት። «ቡ ሙርቲ!» አለች፣ ወገቧ ላይ የነበረው እጇ ወደቀ። አንድ በአንድ ሁሉም ዞሩ። ያ የለመደችው ነገር ተመለሰ፤ ፊት ሁሉ ወደ እሷ ተዘርግቶ ይጠብቃል፦ ቅንድቧን፣ ከንፈሯን፣ የጣቶቿን እንቅስቃሴ። ወኒንግም ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ልመና ነበረ፣ ወይም ሙርቲ ልመና መሰላት።

በዚያች ቅጽበት አንድ ጠብታ የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ አረፈ።

ትልቅ ጠብታ ነበር፣ ለብ ያለ። ሌላ ማንንም እንዳልነካ ከፊታቸው አየች። ጣቶቿ በራሳቸው ጊዜ ጨርቅ ለመያዝ ተጠጋጉ፤ ክንዷ ሊነሳ ፈለገ። ሙርቲ ክንዷን እንደ ልጅ ያዘችው። ካርቶኑን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «እኔ እኮ ሠርግ ላይ ነኝ።»

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ ዩ ዳስወን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ረድፍ ለረድፍ ሄደ፤ ዩ ቻርሲናህ እንኳ ፊቷን አዙራ አፏን በትሪዋ ሸፈነች። እየሳቁም፣ እየተሰዳደቡም፣ መልሰው ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

ሙርቲ በመጠለያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ካርቶኑን ፈታች፤ ቢጫ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሰው ክሩፑክ፣ የጎረቤት ፋብሪካ። አንዷን አንስታ ነከሰቻት፤ ያምራል፣ በደንብ የደረቀ ነው። ወኒንግ መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለችና ሳትጠየቅ ከዶሮው ቆረሰች። ዱቄቷ በእናቷ የሠርግ ቀሚስ ላይ ታተመ። ሌላ ቀን ቢሆን ሙርቲ ስለ ቀሚሱ ትናገር ነበር።

«ሚሚ» አለች ወኒንግ እያላመጠች፣ ዓይኗን ከደመናው ሳትነቅል፣ «ይዘንባል?»

ነፋሱ በትሪዎቹ ላይ ሲያልፍ ደረቁ ክሩፑክ እርስ በርሱ እየተንካካ ይንኳኳል። ይህን ድምፅ ሙርቲ አታውቀውም ነበር፤ ሰማዩ እንዲህ ጠቁሮ ግቢው ላይ ትሪ ቆይቶ አያውቅማ። ከማሳው ማዶ፣ ከሹሙ ግቢ፣ የዘፋኟ ድምፅ እየመጣ ይሄዳል። እዚያ ማድ ቤቱ ጀርባ አንድ ያልታጠቡ ሽማግሌ ትንፋሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እንጃ» አለች ሙርቲ።

ቃሉ ለአፏ አዲስ ነበር፤ እንደ ትኩስ ምግብ አንዴ አዟዟረችውና ወደደችው። ከዚያ ጠብታው ያረፈበትን እጇን በሌላኛው እጇ ሸፍና፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ከሁሉም ጋር ቀና አለች።